መመሪያው ያጠረበት ገጽ

«ታዲያ የኔ ጽሑፎችስ?»

እትዬ ይህን የጠየቁኝ ጣታቸውን መጽሐፉ ላይ እንዳሳረፉ ነው። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እኔን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። ክፍል ገብቼ ሳስተምር ይመጣብኛል። ማታ ሐይቅ ዳር ወክ ሳደርግም ይመጣብኛል። ስለዚህ እየጻፍኩ ላስበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሐዋሳ ያሉ ጥቂት ወጣቶች፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ የነበሩ፣ ስለ ሊኑክስ ሚንት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ነፃ ሥርዓት፣ በአማርኛ የጀማሪ መመሪያ እያዘጋጁ ነው። በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ምንም ክፍያ። ረቂቁን አትመው፣ በስፓይራል አስጠርዘው አመጡልኝ። «ቲቸር፣ ኮምፒውተር ከተማረ ሰው ጋር ሳይሆን ኮምፒውተር እንጀራው ከሆነ ሰው ጋር አንብብልን» አሉኝ።

እኔም ወዲያው እትዬን አሰብኩ። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ማመልከቻ ይጽፋሉ። የቤት ኪራይ ውል ይጽፋሉ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመግባት ለሚያመለክቱ ልጆች ሲቪ ያዘጋጃሉ። የምረቃ ሰሞን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ እንግሊዝኛ፣ የመጣውን ሁሉ ይተይባሉ። ኮምፒውተር ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ግን ልጆቻቸውን ያሳደጉት በኪቦርድ ነው።

ጊዜውም ግድ ብሏል። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ማራዘሚያ የሚገኝበት መንገድ አለ፤ ግን ያው ማራዘሚያ ነው። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ያስፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት። የእትዬ ላፕቶፕ 5ኛ ትውልድ ነው፣ ራሙም 4 ጊጋባይት። ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ስክሪኑም ደህና ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በከተማችን ስንት ቤት እንዳለ ጥገና ቤት የሚውል ሰው ያውቃል። ሊኑክስ ሚንት 22 በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ ሠሪዎቹ የሚመክሩት ግን 4 ነው። የዲስክ ቦታውም ቢያንስ 20 ጊጋባይት መሆን አለበት። ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል። ስለዚህ መመሪያው በደረሰበት ሰዓት የመጣ መጽሐፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቹን የምወዳቸውም ለዚህ ነው።

ስምንት ገጽ ታሪክ፣ አንድ መስመር ዲስክ

ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሲቀንስ ተቀመጥን። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ታሪክ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት እንዳወጀ ይነግራል። በ1991 የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ እንደጀመረ ይነግራል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ1993 ተጀመረ፣ ኡቡንቱ በ2004 በእሱ ላይ ተሠራ፣ ሚንት በ2006 ከኡቡንቱ ተነሳ ይላል። ስምንት ገጽ ነው። በደንብ ተጽፏል፣ እኔም ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። እትዬ ግን ገጹን ቶሎ ቶሎ ገለጡት። በየመሀሉ «እሺ… እሺ…» ይላሉ።

ከዚያ አጫጫኑ መጣ። ፍላሽ ላይ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ኤችፒ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ተጭኖ ከፍላሽ እንዴት እንደሚነሳ ተጽፏል። ግልጽ ነው፣ ሥዕልም አለው። ቀጥሎ ምርጫዎቹን የሚያሳየው ሥዕል ይመጣል። ከዊንዶውስ ጎን መጫን፣ ዲስኩን አጥፍቶ መጫን፣ ወይም ሌላ። ከሥሩ አንድ መስመር አለ። «ዲስኩን አጥፍቶ መጫን የሚለውን ምረጥና ቀጥል።»

እትዬ እዚህ ቆሙ። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አደረጉና ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ታዲያ የኔ ጽሑፎችስ? ይሄ ልጅ ‹አጥፍቶ› ይላል እኮ። ምኑን ነው የሚያጠፋው?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም ያጠፋል አልኳቸው። ውሎቹን፣ ማመልከቻዎቹን፣ ፎቶዎቹን፣ ዴስክቶፑ ላይ የተከመረውን ሁሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነባቸውን አጫወቱኝ። አንድ ጠጋኝ ኮምፒውተራቸውን «አጸዳልዎታለሁ» ብሎ ወሰደው። ሲመልሰው ባዶ ነበር። የአንዲት ተመራቂ ሙሉ ጽሑፍ ውስጡ ነበር፤ ማስረከቢያዋ ደግሞ በማግስቱ። ልጅቷ እያለቀሰች፣ እሳቸው የታተመውን የድሮ ረቂቅ ይዘው እንደገና ሲተይቡ ነጋ። «ከዚያ ወዲህ ‹ፎርማት› የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ይንቦጫቦጫል» አሉኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። እትዬ ግን የፈሩት እባቡን ራሱን ነው። መጽሐፉ እባቡን በአንድ መስመር አልፎታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይህንን ነው። ለምን አጠረ? ልጆቹ ግድየለሽ ስለሆኑ አይደለም። ልፋታቸውን አይቻለሁ። አጠረ፣ ምክንያቱም ለእነሱ ያ ቦታ ምንም አይደለም። ብዙ ጊዜ ጭነዋል፣ እጃቸው ለምዶታል። የእነሱ ዲስክ ውስጥ ያለው ፊልምና ጌም ነው፣ ቢጠፋ ተመልሶ ይገኛል። የእትዬ ዲስክ ውስጥ ያለው የሰው አደራ ነው። ታሪኩ የረዘመው ልጆቹ ታሪኩን ስለሚወዱት ነው። ዲስኩ ያጠረው የሚወዱትም የሚፈሩትም ነገር ስለሌለበት ነው። የመጽሐፉ ርዝመትና እጥረት የጸሐፊዎቹን ልብ ተከትሎ ሄዷል። የአንባቢዋ ልብ ሌላ ቦታ ነው ያለው። መንገድ ሊያሳይህ አብሮህ የወጣ ሰው፣ ድልድዩ የተሰበረበት ስትደርሱ «ቀጥል» ብሎህ ቢመለስ ምን ትለዋለህ?

ሌላም ነገር አለ። በውጭ ቋንቋ የተጻፉት መመሪያዎችም እዚህ ቦታ ላይ አጭር ናቸው። እነሱ ግን አንባቢያቸው ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ወይም ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዳስቀመጠ ገምተው ነው። እዚህ ያ ግምት አይሠራም። ዳታ በብር ነው የሚገዛው። የዓመታት ፋይል ኢንተርኔት ላይ መጫን የእትዬን የወር ወጪ ያናጋል። ያላቸው መጠባበቂያ መሳቢያ ውስጥ ያለ አንድ ፍላሽ ነው። እሱም የብዙ ደንበኛ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው።

ሳይነካ ማየት

ያን ቀን አልጫንንም። እኔም አልገፋሁም። ግን ሚንት ከፍላሽ ላይ ተነስቶ፣ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጽፍ ይሠራል። መጫን ከተፈለገ ብቻ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት መንካት ነው። መጽሐፉ ይህን በአንድ አንቀጽ ብቻ ጠቅሶት አልፏል። እኔ መጽሐፉ ከዚህ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ላፕቶፑን ከፍላሽ አስነሳነው። ሜኑው በግራ በኩል ከታች ነው፣ እትዬ ሳልነግራቸው አገኙት። የዊንዶውሱን ዲስክ ስንከፍት ግን እምቢ አለ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ዊንዶውስ ላይ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ‹ፋስት ስታርታፕ› ሲበራ፣ ሻት ዳውን ስትለው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዲስኩን እንደያዘ ያንቀላፋል፣ ሊኑክስም አልነካም ይላል። ወደ ዊንዶውስ ተመልሰን፣ ሺፍት ቁልፍን ይዘን ሻት ዳውን አልነው። እንደገና ከፍላሽ ስናስነሳው ተከፈተ። እትዬ ፎልደሮቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። «አለ። አለ። ይሄም አለ» ይላሉ። ይቺን የሺፍት ነገር ረቂቁ ውስጥ አላገኘኋትም። ብቻውን የሚሞክር ሰው እዚያ ቢደርስ «ፋይሌን በላው» ብሎ ነው የሚደነግጠው።

ከዚያ እትዬ መሳቢያውን ከፍተው ያን ፍላሽ አወጡ። ‹ሾርትከት ቫይረስ› የያዘው ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነካ ቫይረሱ ይነሳል። እትዬ ፍላሹን ያልጣሉት ውስጡ የሰው ሰነድ ስላለ ብቻ ነው። ሰካነው። የተደበቁት ፎልደሮች ሁሉ ተዘርዝረው ወጡ። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አልተነሳም። መደበቂያ ምልክቱንም ሊኑክስ እንደዚያ አይቶ አይሰውረውም። እትዬ አንዱን ከፈቱ። የአንድ ደንበኛ የመሬት ክርክር ማመልከቻ ነበር። ዝም ብለው አነበቡት። ከዚያ «ይሄን ነው መጀመሪያ መጻፍ የነበረባቸው!» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ልክ ናቸው። አንድ ሰው አዲስ ነገር የሚያምነው ታሪኩን ስላነበበ አይደለም። የራሱን ነገር በደህና ሲያሳየው ነው።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ በፊት

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ልጆቹን ሰብስቤ ያነበብኩትን ስነግራቸው ይህን ተረት አልኳቸው። የዲስኩ ምዕራፍ እንዲህ ይሁን አልኩ። ከመጫኑ በፊት ይምጣ። ፋይልን ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ መገልበጥን ያስተምር። መገልበጥ ብቻ ሳይሆን የተገለበጠውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ማየትን ያስተምር። ከዴስክቶፕና ከዶክዩመንትስ ሌላ ሰው ፋይል የሚረሳባቸውን ቦታዎች ይጥቀስ። ዳውንሎድስ፣ የቴሌግራም ፎልደር፣ የብሮውዘር የይለፍ ቃሎች። ስለ መብራትም ይናገር። ዲስክ እየተከፋፈለ ባለበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ከባድ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ይጀመር፣ ባትሪው የሞተ ከሆነ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆይ መሣሪያ፣ ካለበት ቤት ይወሰድ። ጭነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ነው፣ ኢንተርኔትም የግድ አይፈልግም።

አንደኛው ልጅ ተከራከረኝ። «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ካስቀደምን አንባቢው ሳይጀምር ይፈራል» አለ። ክርክሩን አልናቅኩትም። እውነት አለው፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሞላበት መጽሐፍ ማንም አይጨርስም። ግን እትዬ ከመጽሐፉ በፊትም ፈርተው ነው የመጡት። ፍርሃቱን ያመጣው መጽሐፉ አይደለም። መጽሐፉ ዝም ሲል ፍርሃቱ ባለበት ይቀራል፣ ሰውየውም መጽሐፉን አጥፎ ያስቀምጠዋል። በዝርዝር ሲናገር ግን «ይሄ ሰው የኔን ችግር ያውቃል» ያሰኛል። ልጁ ትንሽ አሰበና «ታሪኩን መጨረሻ እንውሰደው» አለ። ደስ አለኝ። ታሪኩ ይቅር ብዬ አላውቅም። እሱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሥርዓቱ ላፕቶፑ ላይ ከተነሳለት በኋላ ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

የጣት እውቀት

ስለ ኪቦርዱም ልበል፣ ምክንያቱም እትዬ ከዲስኩ ቀጥሎ የያዙት እሱን ነው። እሳቸው ኪቦርድ አያዩም። ከደንበኛ ጋር እያወሩ ይተይባሉ። ያ ፍጥነት የመጣው በለመዱት የአማርኛ ሶፍትዌር ነው፣ ጣታቸው የእያንዳንዱን ፊደል ቦታ ያውቃል። ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ሴራ የሚባለው አጻጻፍ ነው። ትንሹን ቲ ስትነካ ት፣ ትልቁን ስትነካ ጥ ይሰጥሃል፤ አናባቢውን ስትጨምር ፊደሉ ይቀየራል። ለጀማሪ ቀላል ነው። ለእትዬ ግን ጣታቸው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። አንድ አንቀጽ ሞከሩ፣ በየመስመሩ እየተመለሱ አረሙ። ረቂቁ «አማርኛ መጻፍ በጣም ቀላል ነው» ይላል። እኔ ይህ ዓረፍተ ነገር ይውጣ ብያለሁ። ለሚተይብ ሰው ለሳምንታት ፍጥነትህ ይቀንሳል ብሎ መንገር ይሻላል። ያንን ያወቀ ሰው ሥራ በሚበዛበት ሰሞን አይቀይርም፣ ቀዝቀዝ ሲል ይቀይራል።

የድሮ ሰነድ ነገርም አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እርስ በርስ የማይግባባ የየራሳቸው የፊደል አቀማመጥ ባላቸው ፎንቶች ነበር የሚጻፈው። እነዚያ ሰነዶች ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናሉ። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፣ አዲስ ዊንዶውስ ላይም ይሆናል። ግን የእትዬ የድሮ ውሎች እንዲህ የተጻፉ ናቸው። ሚንት ጭነው በማግስቱ አንዱን ሊብረኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ቢከፍቱና ዝብርቅርቅ ቢያዩ የሚወቅሱት ማንን ነው? መጽሐፉን ነው። ስለዚህ ፎንቶቹን አስቀድሞ መገልበጥ፣ የታተመ ኮፒ ወይም ፒዲኤፍ መያዝ የሚል ግማሽ ገጽ ይግባ። ሲዳምኛው ግን አላስቸገረም፣ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እትዬ ወዲያው ተየቡት።

ሃምሳ ሎሚ

ልጆቹ መጽሐፉን ማንም እንዲገለብጠው፣ እንዲያሻሽለው ፈቅደው ሊለቁት ነው። ይህን እደግፋለሁ። ሥርዓቱ ራሱ የተሠራው እንደዚያ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እኔ ስለ ፍላሹ ጨመርኩ፣ እትዬ ስለ ፎንቱ ጨመሩ፣ ነገ ደግሞ የወላይታ ሶዶ ሰው የራሱን ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል። በ2010 እ.ኤ.አ. በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው ለኡቡንቱ 10.04 ነፃ መመሪያ አውጥተው ነበር። ብዙ ሥዕል ያለው፣ ጥሩ ሥራ። በማግስቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ ኡቡንቱ 11.04 መጣና የዴስክቶፑን መልክ ዩኒቲ ወደሚባል አዲስ ገጽታ ቀየረው። አዲሱን የጫነ ሰው የመጽሐፉን ሥዕል ስክሪኑ ላይ አላገኘውም። የእኛዎቹ የመረጡት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን የሚንት ዓይነት ነው። ቀላል ነው፣ መልኩም በዓመታት ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም። ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። ቢሆንም ሥዕሉ ይቀነስ፣ ምክንያቱ ይብዛ ብያለሁ። ለምን ሁለት ቦታ እንደሚገለበጥ የገባው ሰው፣ ቁልፉ ቦታ ቢቀይርም አይጠፋበትም።

በነገራችን ላይ የኡቡንቱ ሲዲ በፖስታ በነፃ ይላክ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ አለ? እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ሲዲው በነፃ ቢመጣም በአማርኛ «እትዬ፣ መጀመሪያ ይህን ያድርጉ» የሚል አንድ ወረቀት አብሮት አልነበረም። አሁን ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ አንዱ አውርዶ ለሌላው በፍላሽ ይሰጠዋል። የጎደለው ያ ወረቀት ነበር። ልጆቹ የያዙት ሥራ ትልቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እትዬ በመጨረሻ ሚንትን አሮጌው ላፕቶፕ ላይ አስጫኑ። ፋይሉን ሁለት ቦታ ገልብጠው፣ ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ካዩ በኋላ ነው። ሌላውን የጠረጴዛ ኮምፒውተራቸውን በዊንዶውስ አቆይተውታል፣ ፕሪንተሩ ያለው እሱ ላይ ነው። እኔም አይንኩት ብያለሁ። ኤችፒ ለሊኑክስ የራሱን ድራይቨር፣ ፕሪንተሩን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ስለሚያዘጋጅ የእሱ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ችግር የለባቸውም። የእትዬ ግን የሌላ ድርጅት የቆየ ሌዘር ነው።

ረቂቁን ሲመልሱልኝ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚደወልለት ሰው ስልክ የለም?» ልጆቹ በዚህ ላይ ተከፋፈሉ። ግማሾቹ መጽሐፍ ራሱን መቻል አለበት፣ ማንስ ሲደወልለት ይውላል አሉ። እኔ ከእትዬ ጋር ነኝ። እዚህ አገር ሰው የሚማረው ከሰው ነው፣ መጽሐፉ ያንን ሰው ያግዘዋል እንጂ አይተካውም። በመጨረሻ አንዷ ልጅ መላ አመጣች። የጀርባው ሽፋን ላይ ባዶ ሳጥን ይተው፣ መጽሐፉን ለሌላ የሚሰጥ ሰው የራሱን ስልክ ይጻፍበት። ተስማሙ። በእትዬ ቅጂ ላይ የኔ ስልክ አለ። ስለ ፕሪንተሩ ደውለውልኛል፤ የፕሪንተሩን ምዕራፍ አሁን ከልጆቹ ጋር እየጻፍነው ነው።